በቀርከሃ ውስጥ ያለፈችው ጨረቃ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለይሄነው በዛብህ፤ ካለህበት ከኪጋሊ ከተማ።

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ሥራው፣ ውሎው፣ አዳሩ እንዴት ይዞሃል? የስልክ ማማ ላይ ስትወጣ የሚቆረጥምህ ጉልበትህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ደህና ነኝ እያልህ ትሸነግለናለህ? የአገሩ አየር፣ የአገሩ እህል፣ የአገሩ ሰው ተስማማህ? እኔ ታላቅ እህትህ ውብአየሁ፣ እማዬ፣ አባባ፣ ጎረቤቱ፣ ፈረሱ ቦራ ሳይቀር፣ አንተን ከማጣት በቀር ምንም አልጎደለብንም፤ መድኃኔዓለም ይመስገን። ምንም አልጎደለብንም ያልሁት ለወጉ ነው። የአባባን ነገር ወደ ታች ታገኘዋለህ። አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ የመጽሐፍ መጨረሻ አስቀድመህ የምታይ ሰው ነህና፣ በፈጠረህ ይህን እንኳ እየዘለልህ አታንብበው።

ነገሩን በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ነበር። እኔ «አውድማው ላይ» ስል መስመሩ ይጠፋል፤ ሲመለስ አንተ የማን አውድማ፣ ምን ሆነ እያልህ ትደነግጣለህ። አባባ ከአልጋቸው ሆነው ሲሰሙኝ ቆዩና፣ ተይው ልጄ፣ ወረቀት አይቆራረጥም፣ ጽፈሽ ላኪለት አሉኝ። የሥራ ባልደረባህ ስማቸውም ዕቃህን ለጥምቀት ይዞልን እንደ መጣ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ እናንተ ስለሚመለስ እኔ አደርሰዋለሁ ብሎኛል። ያየውንም እሱ ይመስክርልህ፤ እኔ ብቻዬን ብነግርህ አጋነነች ትለኛለህ።

አባባ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ድንጋይ አዳልጧቸው ዳሌያቸው እንደ ተሰበረ ታውቃለህ። ከዚያ ወዲህ በጀርባቸው ተኝተው ነው ያሉት። የዐይናቸውን ነገር ግን አለሳልሼ ነበር የነገርሁህ፤ ይቅር በለኝ። ግራው ከጠፋ ሰንብቷል። ቀኙም ዙሪያው ጨልሞ፣ በመርፌ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው መሃል ለመሃል ያለውን ብቻ ነው የሚያየው። ባሕር ዳር ያለው ሐኪም የዐይን ግፊት ነው ብሎ ለጥር 18 የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ሰጠን። ሳይደብቅም፣ ይህች የቀረችው ብርሃን ልትተርፍም ትችላለች፣ ላትተርፍም ትችላለች አለን።

በመኪና ስንመለስ፣ አዲስ ቅዳምን አልፈን እንጅባራ ልንገባ ስንል አባባ፣ ብርሃኗ ሳትሄድ አንድ ጉዳይ ቀርቶኛል አሉኝ። እኔ ኑዛዜ መስሎኝ ነበር። ጉዳያቸው ግን ጨረቃ ኖሯል። አስበው፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በጨረቃ ቆጠራ አበቅቴና መጥቅዕ እያወጡ፣ ነነዌ መቼ ይገባል፣ ፋሲካ በስንት ይውላል ለሚል ሁሉ በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ የኖሩ መሪጌታ፣ ፈረንጅ በመነጽር ቀርቦ ያያታል የሚባለውን ሰምተው በሆዳቸው ይዘውት ኖረዋል። እኔም አንድ ጊዜ ባያት ብለው፣ እንደ ሕፃን አፍረው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ይህን ምኞታቸውን ስነግርህ ቴሌስኮፑን ላክህ። አባባ አንተን እንዴት ይጠሩህ እንደ ነበር ታውቃለህና አልደብቅህም። ከአባባ የባሕረ ሐሳብ ትምህርት ጉባኤ ተነሥተህ የሬዲዮ ሽቦ ልትፈታ ከሄድህ ጀምሮ፣ ይልቁንም አገር ለቀህ ከወጣህ ወዲህ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት፣ በዚህ ቤት «ያ ልጅ» እንጂ ይሄነው ተብለህ አታውቅም። ያ ልጅ ደወለ ወይ፣ ያ ልጅ ታሞ ነው ወይ ይሉኛል እንጂ ስልኩን ስሰጣቸው እጃቸውን አይዘረጉም። ዕቃው ሲመጣም ማን ላከው ብለው አልጠየቁም፤ ሣጥኑን በእጃቸው ዳብሰው ብቻ ተዉት።

ዕቃህ ግን ዕቃ ነው! እኔ ለተማሪ ኮምፒውተር የማስተምር ሴትዮ፣ ሦስት እግሩን ዘርግቼ፣ ሁለቱን ሞተሮች ገጥሜ፣ ዐይን በሚያርፍበት በኩል ካሜራዋን አስገብቼ፣ ሁሉን የምታዝዘውን ትንሿን ሣጥን ከእግሩ ላይ ሳስር የላክህልኝን የመመሪያ ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበብሁት። በወረቀትህ ላይ በቀይ ያሰመርህበትንም አየሁት። ገመድ የሚባል ነገር እንዳትነኪ፣ ሣጥኗ የራሷን ዋይፋይ ትረጫለች፣ ላፕቶፑን ከአባባ አልጋ አጠገብ አስቀምጠሽ ከዚያ ሆነሽ ታዥዋለሽ፣ ዘመኑ የአየር ነው ብለሃል። የእንጀራህ ነገር ነውና አልፈርድብህም። የአየር ሰው አየሩን ያመሰግናል።

ቴሌስኮፑን የተከልሁት ከቤቱ አርባ እርምጃ ርቆ፣ ገብሱ ተወቅቶ ባዶ በሆነው አውድማችን ላይ ነው። ሞተሮቹ ልካቸውን እንዲይዙ የሰሜን ኮከብን ማየት አለባቸው ብለሃል፤ እሷ ደግሞ በእኛ አገር ዝቅ ብላ፣ ተራራ ልትነካ ምንም ሳይቀራት ነው የምትታየው፤ ከግቢው ሆኜ ብፈልጋት ቤቱና ባሕር ዛፉ ጋረዱኝ። አውድማው ግን ሰሜኑ ክፍት ነው። መብራት ሲጠፋ እንዳናፍር ብሎ ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን ሀብቱ የባጃጁን ባትሪ ፈትቶ አመጣልን።

ረቡዕ ጥር 13 ማታ ጀመርን። እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ስታነብ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ሣጥኗ ለዋይፋዩ ስምና ፓስዎርድ ስጪኝ ስትል፣ ስሙን «የመሪጌታ ቤት» አልሁት፤ ፓስዎርዱን ተውሁት። ጎረቤት በሚሰበሰብበት ቤት በር መቆለፍ ነውር ነው ብዬ ነው፤ እኛ ቤት በር ተዘግቶ አያውቅም። ኔትወርክ ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። ታዲያ የሰፈሩ ሰው ስልኩ ላይ «የመሪጌታ ቤት» የሚል ክፍት ዋይፋይ ሲያይ፣ መሪጌታ ለነፍሳቸው ብለው ኢንተርኔት አስገቡ ተብሎ ተወራ። እኔ ጓዳ ሆኜ ጨረቃን እፈልጋለሁ፣ አጥሩ ሥር አሥራ ሰባት ሰው ስልኩን ይዞ ተቀምጦ ቪዲዮ ይፈልጋል። ሣጥኗ ምን ታድርግ? ምስሉ ቦግ ብሎ መጣ፣ አባባ ቀና ለማለት ሲታገሉ ደርቆ ቀረ፣ ከዚያ ጠፋ። አባባ ተቆረጠች እንዴ አሉ። እኔም ወጥቼ ኢንተርኔት እንዳይደለ ሳስረዳ፣ ታዲያ ኢንተርኔት ካልሆነ ለምን ዋይፋይ ተባለ ብለው ተቆጡኝ።

ሐሙስ ፓስዎርድ አደረግሁበት፤ ሰፈሩ አኮረፈ። ነገሩ ግን ያው ሆነ። በደጃፉ ቆሜ ላፕቶፑን ስከፍት ምስሉ ጥሩ ነው፤ ይህን እመሰክርልሃለሁ፣ ሜዳ ላይ ከጎኑ ለሚቀመጥ ሰው የአየሩ ነገር ግሩም ነው። ወደ አባባ ጓዳ ስገባ ግን ያ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ፣ በላዩ ቆርቆሮው፣ በመሃሉ ባሕር ዛፉ ተረዳድተው ይበሉታል። ወደ ግራ ዙሪ ብዬ አዝዛታለሁ፣ ዝም ትላለች፤ አልሰማች ይሆን ብዬ ስደግም ሁለቱን ትእዛዝ ባንድ ላይ ሰምታ ጨረቃን አልፋ ትሄዳለች። አባባ አልተቆጡም። ከዐይናቸው ላይ የሚያልፍ ነጭ ነገር አይተው ጥላ ነው ወይስ እሷ ናት ብለው ብቻ ጠየቁኝ። በልቤ አንተን ረገምሁህ፤ ወዲያው ደግሞ ማርያም ይቅር በይኝ ብዬ ተመለስሁ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ በሚኒባስ ዳንግላ ወረድሁ። ኢንተርኔት ቤቷን የዘጋች አንዲት ጓደኛዬ ሃምሳ ሜትር የኔትወርክ ገመድ ጠቅልላ ከምትጥለው ሰጠችኝ። ማታ ከሣጥኗ እስከ አባባ ራስጌ መሬት ለመሬት ዘረጋሁት፤ ሁለቱን ጫፍ ሰካሁ። ይሄነው፣ ጨረቃ ቁጭ አለች! ሳትርገበገብ፣ ሳትደርቅ። አባባን ደግፌ ላነሣ ስንበረከክ ከውጭ የኮቴ ድምፅ ሰማሁ፤ ምስሉም ድርግም አለ። ቦራ ነው። ጌታው ከተኙ ወዲህ የሚጋልበው አጥቶ ገመዱን ሲበጥስ ሰንብቷል፤ ያን ማታ ደግሞ የእኔን ገመድ በእግሩ ጠልፎ መሰኪያውን መንጭቆ ሄደ። አውድማው ላይ ቴሌስኮፑ ሳይወድቅ የቀረው ሀብቱ ተወርውሮ ስላቀፈው ነው። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ቀኑ እየሄደ ነው፣ ቀጠሮው ሰኞ ነው፣ ከዚያ በኋላ ምን ዐይን እንደሚኖር የሚያውቅ የለም።

ቅዳሜ ኪዳነ ምሕረት ነበረች። በማግሥቱ ሰንበት። አባባን ለመሸኘት ደግሞ እሑድ ከሰዓት በኋላ አገሬው እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ከአዲስ ቅዳም ሳይቀር በፈረስና በበቅሎ። ያ ሁሉ ኮቴ በግቢያችን ሲያልፍ የእኔ ቀጭን ገመድ ምን ይተርፈዋል? አያ አዝመራውን ለመንሁት። የቀርከሃ ሥራ የሚያውቀው ያ ከጅረቱ ማዶ ያለው ጎረቤታችን ነው፤ ቀርከሃ ቆርጠህ፣ አንጓውን በጋለ ብረት በስተህ ቱቦ አድርግልኝ፣ ገመዴን በውስጡ ላሳልፈው አልሁት። እሱም በኪዳነ ምሕረት ብረት አላግልም፣ በሰንበትም መጥረቢያ አላነሣም፤ መሪጌታ ራሳቸው ቢሰሙ ይገዝቱኛል አለኝ። እውነቱን ነው። አባባም ሰምተው፣ ስለ እኔ ዐይን ሰንበት አይሻርም ብለው ነገሩን ዘጉት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግን አያ አዝመራው ከሦስት ሰዎች ጋር ረጃጅም ቀርከሃ በትከሻቸው ተሸክመው ከተፍ አሉ። ከምንጩ እስከ ጓሮው ጎመን ውሃ የሚያወርድበትን፣ አምና በስቶ የዘረጋውን ቱቦ ነቅሎ ነው ያመጣው። እኔ ሥራ አልሠራሁም፣ የተሠራውን ይዤ በሽተኛ ልጠይቅ መጣሁ አለ። ጎመኑስ ስለው አንድ ማታ ይታገሣል አለኝ። ለአባባም በአዊኛ አንድ ነገር ነገራቸው፤ አባባ ከወደቁ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም። ቀርከሃው አሁንም ከውስጡ ይንጠባጠብ ነበርና በጨርቅ አደረቅነው። ገመዱን ከሸምበቆ ጫፍ አስረን አንዱን ጨርሰን ወደ ሌላው፣ ከአውድማው እስከ ጓዳው አሳለፍነው። በመጨረሻ መሰኪያውን እኔ በመቆንጠጫ ጨምቄ ገጠምሁ። ይህ ሥራ ነው፣ አልክድም፤ ንስሐዬን ለነፍስ አባታችን ተናግሬያለሁ፣ አርባ ስግደት ተሰጥቶኛል፣ ሃያው ይቀረኛል። ቴሌስኮፑ ሲዞር ገመዱ እግሩ ላይ ተጠምጥሞ እንዳይጎትተው እዚያ አካባቢ ላላ አድርጌ ተውሁት፤ አንተም ብትሆን ይህን አትርሳ።

አባባ ጧት በጣታቸው ቆጥረው ዛሬ ግማሽ ናት ብለው ነበር። ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ግማሽ ሆና ከአናታችን በላይ ቆማለች። ሰዉ አውድማው ላይ ቴሌስኮፑን ከቦታል፣ ፈረሶቹ ቀርከሃውን እየተሻገሩ ያልፋሉ፣ ጓዳ ውስጥ እኔና እማዬ፣ አያ አዝመራውና ስማቸው አባባን ከበናል። ምስሉ መጀመሪያ እንደ ፈሰሰ ወተት ነበር። ማጥሪያው የሚዞረው በእጅ ስለሆነ፣ እኔ ለእማዬ፣ እማዬ በመስኮት ለደጁ ሰው፣ የደጁ ሰው ለሀብቱ፣ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ብቻ፣ አበዛኸው እየተባባልን አስተካከልነው። ይህኛው ገመድ አልባ እንኳ አልተቆራረጠም።

ከዚያ ጠራች። ምን ብዬ ልጻፍልህ? እኔ በመጽሐፍ ሥዕሏን ሺህ ጊዜ አይቻለሁ፤ ለተማሪም አሳይቻለሁ። ይህ ግን ሥዕል አይደለም፣ አሁን ያለች፣ ከቤታችን ጣራ በላይ ያለች ናት። ብርሃኑና ጨለማው የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ተራሮች ቆመዋል። ሥራቸው ገና ሌሊት ነው፣ ጫፋቸው ግን ፀሐይ ነክቶት በጨለማው ውስጥ ብቻውን ይበራል። ጉድጓዶቹ ክብ ናቸው፣ አንዱ ግንብ ጥላውን በሌላው ወለል ላይ ጥሎታል። አፌን በነጠላዬ ያዝሁ። እማዬ ሥላሴ ብላ ተቀመጠች።

አባባ ግን፣ ላፕቶፑን ከቀኝ ዐይናቸው አንድ ስንዝር አድርጌ ስይዝላቸው፣ ነጭ አያለሁ፣ ሌላ የለም አሉ። ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያች ቀዳዳ የሚያዩት ከመላው ጨረቃ ጥቂቷን ብቻ ነው፤ ያቺ ጥቂት ደግሞ የደመቀውና ምንም ምልክት የሌለው ቦታ ላይ አርፋለች። አጉልቼ ጠርዙን ላምጣላቸው ብል የት እንደሚያዩ እኔ አላውቅም። ስለዚህ ጣታቸውን ይዤ ቀስቶቹ ካሉበት ቁልፍ ላይ አሳረፍሁት፤ አባባ፣ እርስዎ ይምሩት አልኋቸው።

ተጫኑ። በዚያው ቅጽበት ከአውድማው ሰዉ ሁሉ ዞረ፣ ዞረ ብሎ ጮኸ። አባባ ደንግጠው ጣታቸውን አነሡ፤ ቆመ። እንደ ገና ተጫኑ፤ ዞረ። ሁለት ወር ሙሉ ጎናቸውን እንኳ ያለ ሰው ማዞር ያልቻሉት አባታችን፣ ካልጋቸው ሳይነሡ አርባ እርምጃ ርቆ ያለውን በአንድ ጣት አዘዙት። እኔ ነኝ እንዴ አሉኝ። አዎ አባባ፣ እርስዎ ነዎት አልኋቸው። በግራ እጃቸው ገመዱን ፈልገው ያዙ፤ እስከ መጨረሻው አልለቀቁትም። ስማቸው አጠገቤ ነበርና ይመስክር፤ በአየሩ ቢሆን ተጭነው ሲጠብቁ፣ ሲጠብቁ፣ ያቺ ቀዳዳ ጨረቃን በጣለቻት ነበር። በገመዱ ግን ጣታቸውና ጨረቃ አብረው ነበር የሚሄዱት።

ከዚያማ ዳዊት እንደሚደግም ሰው፣ ከላይ ጀምረው መስመር ለመስመር ወደ ታች ወረዱ። ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ተራራ ነው አሉ። ጥላ አለው አሉ። አንዱ ትልቅ ጉድጓድ ላይ ሲያርፉ እማዬ ከኋላቸው ዘንገና ናት ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው፣ የእኛው ሐይቅ ዘንገና ናት፤ ያው ክብ፣ ያው ዙሪያውን የቆመ ገደል፣ ውሃው ብቻ ነው የሌለ። አባባ ይህች ጉድጓድ ምን ያህል ትሰፋለች ብለው ጠየቁኝ፤ ከእንጅባራ ዳንግላ ደርሶ መልስ አልኋቸው። የአባባ እንባ በጆሯቸው ላይ ወረደ። ሃምሳ ዓመት ቆጠርኋት፣ ተራራ እንዳላት አላውቅም ነበር አሉ።

በምሥራቅ በኩል የወጣችውን ጁፒተርንም አሳየኋቸው፤ እሳቸው መሽተሪ ነው የሚሏት። ከጎኗ የተሰለፉትን ነጠብጣቦች ምንድን ናቸው ሲሉ የእሷ ጨረቃዎች ናቸው አልኋቸው። የእነዚህንስ አበቅቴ ማን ያወጣዋል ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የደጁ ሰው እንዲሰማ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማን እንደ ላከው ታውቃላችሁ አሉ። ልጄ ይሄነው ነው የላከው። ወንድምዓለም፣ እንደዚያ ነው ያሉት። ስምህን።

በማግሥቱ በኮንትራት መኪና ባሕር ዳር ወሰድናቸው። ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ሐኪሙ ግፊቱ ወርዷል፣ የነበረችው ብርሃን ለጊዜው አለች፤ ክረምቱን ትሻገር አትሻገር ግን ቃል አልገባም አለ። አባባ ዐይናቸው በፋሻ ታሽጎ ሳለ በጣታቸው ሲቆጥሩ አየሁና ምን እያወጡ ነው አልኋቸው። ዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ አራት ነው፣ ለዚያ ልጅ ንገሪው አሉኝ፤ ወዲያው አረሙትና፣ ለይሄነው ንገሪው አሉ። ፋሻው ሲፈታ በቪዲዮ ላገናኝዎት፣ ወዲያው ያዩታል አልኋቸው። እጄን ያዙኝና፣ እሱንማ በአየር አታምጪብኝ፣ ይቆራረጣል አሉ። ጨረቃን ሃምሳ ዓመት ቆጥሬ አንድ ማታ አየኋት፤ እሱን ዘጠኝ ዓመት ቆጠርሁት፣ አላየሁትም አሉኝ።

የምለው ይኸው ነው። ሥራህን አውቃለሁ፣ ማማው ያለ አንተ እንደማይቆም ትነግረኛለህ። ዕቃ አታምጣ፣ ሣጥንም ገመድም በቅቶናል። አያ አዝመራው ቀርከሃውን መልሶ ወስዷል፤ ጎመኑ ጠውልጎ ነበር፣ አሁን አገግሟል።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፣ ለጉልበትህ ቅቤ እልክለታለሁ ብላለች። አያ አዝመራው ከነቤተሰቡ ሰላም ብሎሃል። ሀብቱ ባትሪውን መልሶ ገጥሟል፤ ባጃጁ ላይም «የጨረቃ መንገድ» ብሎ ጽፏልና ስትመጣ ከእንጅባራ በእሱ ትገባለህ። የሰፈሩ ሰው እርቅ አውርዷል፣ የዋይፋዩን ፓስዎርድ ግን ዛሬም ይጠይቀኛል። ቦራም ደህና ነው፤ ካንተ በቀር የሚጋልበው የለም። እኔ እህትህ በናፍቆት እሰናበትሃለሁ።

ከዚህ በታች ያለውን ጠማማ ጽሕፈት ሕፃን የጻፈው እንዳይመስልህ። አባባ ብርዕ አምጪ ብለው፣ ወረቀቱን ከዐይናቸው ስንዝር አስጠግተው፣ አንዷን ፊደል ሲጽፉ ሌላዋ እየጠፋችባቸው፣ ግማሽ ቀን የፈጀባቸው ነው።

እህትህ ውብአየሁ በዛብህ
ዘንገና፣ ከእንጅባራ አጠገብ
ጥር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይሄነው ልጄ፣ ና፤ ልይህ።